ከኋላችን «ሳበው» ያለችው

ይህ ታሪክ በእኔ ላይ የደረሰ ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ማንንም ለማሳመን አይደለም የምጽፈው። ባሌ እንዳወራው ስለማይፈልግ ነው የምጽፈው። «ቤታችን ሰላም ሆነ አይደል? ምን ትነካኪዋለሽ?» ይለኛል።

እሺ... ልነካካው ነው።

አስፈሪ ታሪክ ሲባል ጨለማ፣ ዝናብና የተዘጋ ቤት ትጠብቁ ይሆናል። የእኔ እንደዚያ አይደለም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው ደግሞ ሰዎች ልጅና ውሻ ይዘው የሚንሸራሸሩበት፣ የሕፃን ጋሪ እንኳ ሳይቸገር የሚያልፍበት የገጠር የእግር መንገድ ነው።

እዚያ ነው መጀመሪያ የሰማኋት።

ግን አስቀድሜ ማን ማን እንደነበርን ልንገራችሁ። አለበለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

ባሌ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ጥሩ ሹፌር ነው ይሉታል፤ እኔም አልክድም። ሰው ገጭቶ አያውቅም። ሚስጥሩን ሲጠይቁት መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ሹፌር ፊት ፊቱን ነው የሚያየው። የኋላው የረዳት ነው።»

ይህን ሕግ ይዞት ቤት ገባ። የትም ስንሄድ እሱ ከፊት ነው፣ እኛ ከኋላ። መንታ መንገድ ወይም በር ሲያጋጥመው ይቆምና፣ ሳይዞር፣ «ሙሉ?» ይላል። መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ሁሉም መኖሩን አይቶ «ሂድ» ካላለው ንቅንቅ አይልም። በቤት መኪናችንም ያው ነው። የፊተኛው ወንበር ባዶ ቢሆን እንኳ እኔ የምቀመጠው ከኋላ ነው።

ሌላ ሴት ስታገባ ሚስት ትሆናለች። እኔ ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ።

ከእኔ በፊት በዚያ ቦታ ሌላ ሴት ነበረች። የመጀመሪያ ሚስቱ። እሷ ደግሞ የምር ረዳት ነበረች፤ የራሱ አውቶቡስ ላይ። እዚያው ተዋወቁ፣ ተጋቡ፣ ወለዱ። ድምፅዋ መንገድ ተሻግሮ ስለሚሰማ ተሳፋሪው ሁሉ «ደወል» ነበር የሚላት። እንደ እኔ «ሂድ» አትልም ነበር። እንደ ሙያ ጓደኞቿ «ሳበው» ነበር የምትለው። መጨረሻው ላይ ትንሽ ትጎትተው ነበር አሉ። አሉ የምለው እኔ ሰምቻት ስለማላውቅ ነው። ታማ ሞተች። ልጃቸው ያኔ ገና አፏን እየፈታች ነበር።

ልጅቷን አባቷ «ድንቢጥ» ይላታል። ትንሽ፣ ቀጭን፣ ዓይኗ የማያርፍ ልጅ ናት።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ድንቢጥ አንድ ቀን «እማዬ» እንድትለኝ።

ብዙ ነው? አጠብኳት፣ አበላኋት፣ ትኩሳት ሲይዛት አጠገቧ ተቀምጬ አነጋሁ። ለእሷ ግን «አንቺ» ነኝ። አባቷ ካለ ደግሞ «እሷ» ነኝ። «ውሃ እንድትሰጠኝ ንገራት» ትለዋለች፤ እኔ እዚያው ፊቷ ቆሜ። ፀጉሯን አታስነካኝም። ማበጠሪያ ይዤ ስመጣ አልጋ ሥር ትገባለች።

«ጊዜ ስጪያት» ይላል ባሌ። ለሱ ቀላል ነው። መብራት እስኪለቀው መጠበቅ የለመደ ሰው ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ውሻው። የደወል ውሻ ነበር። ከቤተሰቡ መጨረሻ የሚሄደውን ሰው ተረከዝ ተረከዙን ይከተላል፤ ማንም ወደ ኋላ እንዲቀር አይፈቅድም። ለዚህ ነው «አለቃ» ያለችው።

በቃ፣ ይኸው ነን። ሹፌር፣ ድንቢጥ፣ አለቃ... እና እኔ።

ድንኳን ይዘን ገጠር እንውጣ ያለው ባሌ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ እንቀራረባለን፣ አየር እንቀይራለን አለ። እኔም ደስ አለኝ። መቼም ሰው ተስፋ ሲያደርግ ትንሽ ይጃጃላል።

የካምፑ መግቢያ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተተክሏል። በዙሪያው ያሉት የእግር መንገዶች ተስለውበታል። ከሥሩ «አጭር፣ ቀላል፣ ለቤተሰብና ለውሻ የሚመች» ይላል። እንዲህ ባለ መንገድ ሰው ይጠፋል ብሎ የሚያስብ የለም።

ድንኳኑን ስንተክል እንጨቶቹ ተቀላቀሉብኝ። አንዱን ሳቆም ሌላው ይወድቃል። ባሌ ትንሽ አየኝና...

«ደወል ብትሆን በአንድ እጇ ታቆመው ነበር» አለ።

ወዲያው ደነገጠ። አፌን አዳልጦኝ ነው አለ። አፍ የሚያዳልጠው ልብ ውስጥ የከረመው ነገር ነው፤ እኔ ይህን አውቃለሁ። አኮረፍኩ። ማኩረፍ መብቴ ነው።

ከምሳ በኋላ ከመንገዶቹ አጭሩን መረጠ። የኩሬው ዙር ይባላል። እንደ ደንባችን ተሰለፍን። እሱ ከፊት፣ ቀጥሎ ድንቢጥ፣ ቀጥሎ እኔ፣ ከእኔ ኋላ አለቃ።

መንገዱ በሁለት የሣር ሜዳዎች መሃል ያልፋል። ከብት እንዳያልፍ የተሠራች አጭር የእንጨት በር አለች። ባሌ ከፈታት። አለፈ። ቆመ።

«ሙሉ?»

ዝም አልኩ።

እስኪ ይዙር ብዬ ነው። አንዴ እንኳ ዞሮ ፊቴን ቢያየው ምን ይጎድልበታል? ጀርባውን እያየሁ ጠበቅኩ። ንፋስ የለም። ሣሩ አይንቀሳቀስም።

ከኋላዬ...

«ሳበው...»

ጮክ ብላ አይደለም። የዘወትር ሥራዋን እንደምትሠራ ሰው፣ ረጋ ብላ ነው።

ባሌ መንገዱን ቀጠለ።

ዘወር አልኩ። ማንም የለም። የመጣንበት መንገድ፣ ሜዳው፣ አለቃ። ሌላ ምንም።

ግን አለቃ ተረከዜ ላይ አልነበረም። ራቅ ብሎ ቆሟል። በእኔና በእሱ መሃል አንድ ሰው የሚቆምበት ያህል ቦታ ትቷል። ቀና ብሎ ያያል። እኔን አይደለም የሚያየው። በመሃላችን፣ የሰው ፊት ሊኖር የሚችልበት ቦታ ላይ ነው ያፈጠጠው። ጭራውን ይቆላል።

በሯን አለፍኩና ለመዝጋት እጄን ዘረጋሁ። አለቃን ጠራሁት። አልመጣም። ቆሞ ጠበቀ... ጠበቀ... ከዚያ ልክ አንድ ሰው እንዳሳለፈ ሁሉ እግሩን አንስቶ ተከተለ።

ድንቢጥን አየኋት። እሷ አልዞረችም። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። የፈራች መስሎኝ ጠጋ አልኳት።

እየሳቀች ነበር። አፏን በመዳፏ ይዛ።

ከኩሬው ማዶ ትንሽ የእንጨት ድልድይ አለ። ባሌ አፋፉ ላይ ቆመ።

«ሙሉ?»

አሁን እንኳ ኩርፊያዬን ትቼ «ሂድ» ልል አፌን ከፈትኩ። ቀደመችኝ።

«ሳበው...»

ይሄኛው ጆሮዬ ሥር ነው። ትንፋሽ ግን የለውም። ሰው ጆሮህ ሥር ሲያወራ ሙቀቱ ይሰማህ የለ? ምንም ሙቀት የለውም።

ባሌ እያፏጨ ተሻገረ። ካገባሁት ጀምሮ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም።

እኔም ተሻገርኩ፤ በሩጫ ነው ማለት ይቻላል። መሬት ረግጬ ስቆም ከኋላዬ የድልድዩ ጣውላዎች ተራ በተራ ሲንቋቁ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የአለቃ ጥፍር ኮሽ ኮሽ አለ።

ካምፑ ስንደርስ ባሌ ፊቱ በርቷል። ሣሩ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር እየፈታ፣ ዛሬ ገና ሥራው ገባሽ አለኝ።

«የምን ሥራ?»

«አጠራርሽ ነዋ። ሳበው ስትዪ ደስ ይላል።»

«እኔ አላልኩም» አልኩት።

ፈገግታው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጠፋ። ጫማውን ማውለቁን ቀጠለ።

ይህን ልብ በሉልኝ። «እኔ አይደለሁም» ላለች ሚስት «ታዲያ ማን ነው?» አይባልም? አላለኝም። ጫማውን አራገፈ፣ ድንጋይም አልነበረበት፣ መልሶ አራገፈው።

ምሽት ላይ፣ ገና ሳይጨልም፣ ድንቢጥን ድንኳን ውስጥ ልብስ እየቀየርኩላት ብቻችንን ሆንን። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ድንቢጥ... ከኋላዬ የነበረችው ማን ናት?»

ፊቷን ሹራቧ ውስጥ ቀበረች።

«ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም።»

«እንዲዞር አትንገሪው» አለችኝ።

«ለምን?»

«ከዞረ ትሄዳለች።»

«ማን አለሽ?»

ወደ ድንኳኑ በር አየች። እኔም አየሁ። ከውጭ አለቃ ተኝቷል። ጭራው ድንኳኑን ቀስ እያለ ይመታል።

«ነገም እንድንመጣ ትፈልጋለች» አለችኝ በሹክሹክታ። «እኔ ከኋላ እንድሆን።»

ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ግን ምንም አልሆነም። ሲነጋ ልቤ ትንሽ ተመለሰልኝ። መድኃኒቱን ልጅቷ ራሷ ነግራኛለች። ከዞረ ትሄዳለች። ታዲያ አንድ አንገት ማዞር ምን ይከብዳል?

ባሌ በእረፍት ቀኑ ውሃ ካልደፉበት የማይነሳ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ስወጣ ጫማውን አስሮ ሰሌዳው ሥር ቆሞ አገኘሁት። ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም የሚለውን፣ በዛፎቹ መሃል የሚያልፈውን መንገድ መርጧል። ይቅርብን፣ ወደ ቤት እንመለስ አልኩት። ልጅ እያየች አትነጫነጪ አለኝ።

ድንቢጥ ዛሬ እኔ ከኋላ ልሁን ብላ ጠየቀች። አባቷ ትሁን አለ። እኔ አትሆንም አልኩ። አለቀሰች። እጄን ያዘችና «እባክሽ» አለችኝ። በራሷ ፈቃድ እጄን ስትይዘኝ የመጀመሪያዋ ነው። ቢሆንም እሺ አላልኳትም። ከፊቴ አደረግኋት።

መንገዱ ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ ነው። ጥቂት እንደሄድን ከፊት ለፊት ሌላ ቤተሰብ መጣ። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆችና አንዲት ቡችላ። ሲያዩን ጥግ ይዘው አሳለፉን። አባትየው ጨዋ ሰው ነው። ባሌን እጅ ነሳ። ለድንቢጥ ፈገግ አለላት። እኔን «እንደምን አደርሽ» አለኝ።

አለፍኳቸው። መንገዱ ክፍት ሆነ ማለት ነው። ግን አልተንቀሳቀሱም። ጥጋቸውን እንደያዙ ቆሙ።

ከዚያ አባትየው ከእኔ ኋላ ወዳለው ባዶ ቦታ ጎንበስ አለና...

«እንደምን አደርሽ» አለ።

ቡችላዋ ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋለች። እናትየው ልታነሳት ትታገላለች። «ምን ሆነች ዛሬ?» ስትል ሰማኋት።

ለሰዎቹ ምን እላቸዋለሁ? ማንን ነው ሰላም ያላችሁት ልበላቸው? ሄዱ።

ዛፎቹ ሲያልቁ ሌላ የእንጨት በር አለ። ባሌ ከፈተው። ቆመ።

«ሙሉ?»

«አትሂድ» አልኩ ባለ በሌለ ድምፄ። «ዙር! ዙርና እየኝ።»

ቆመ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲገተር አየሁ። አልዞረም።

«ዙር እኮ ነው የምልህ!»

አልዞረም። ድንቢጥን አልፌ ሮጥኩና ፊቱ ተገተርኩ። ፊቱ በእንባ ርሷል። እንባው አገጩ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል።

«ትሰማታለህ» አልኩት።

«እባክሽ...»

«ከትናንት ጀምሮ ትሰማታለህ። እያወቅክ ነው።»

«ከዞርኩ የለችም» አለኝ፤ ከንፈሩ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። «ካልዞርኩ አለች። ምን አደረገችሽ? ድምፅ ብቻ ናት።»

«እኔስ?»

ዓይኖቹ በትከሻዬ ላይ አልፈው መንገዱን ያያሉ። ፊት ፊቱን። እኔ እዚያ ፊት ላይ ቆሜም አልታየሁትም። እንደዚያ ቀን ያመመኝ ቀን የለም። ፍርሃቱን እንኳ ረስቼው ነበር፤ ንዴት ብቻ ነበር የቀረኝ። የማበስለው፣ የማጥበው፣ የማስታምመው እኔ። «ሙሉ» የሚሆነው ግን በሷ።

ይህን ስናወራ... እኔ ከፊት ነኝ። እሱም ከፊት ነው።

ከኋላ ማን አለ?

በትከሻው ላይ አየሁ። መንገዱ ባዶ ነው። ድንቢጥ የለችም። አለቃም የለም።

«ልጅቷ የለችም» አልኩት።

የበሩን እንጨት በሁለት እጁ ጨበጠ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ከእናቷ ጋር ናት» አለኝ። «ምን ትሆናለች?»

ይህን ያለው አባቷ ነው።

ተመልሼ ሮጥኩ። ስሟን እየጠራሁ፣ ቁጥቋጦው እየቧጨረኝ። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ዛፎቹ ሥር አገኘኋት። የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጣለች። አለቃ እግሯ ሥር ተጋድሟል። ምንም አልሆነችም።

ፀጉሯ ተሠርቷል።

ጥብቅ ብሎ፣ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ፣ አንድም ዘለላ ሳያፈተልክ። የመጨረሻው ጉንጉን ገና አላለቀም። ጫፉ አየር ላይ ተወጥሮ ቆይቶ እኔ ስደርስ ትከሻዋ ላይ ወደቀ።

«እሷ ስትሠራው አያምም» አለችኝ ድንቢጥ።

እጇን ያዝኩ። የእጇን አንጓ፣ አጥብቄ። እየጎተትኩ ወሰድኳት። አላለቀሰችም፣ አልታገለችም። ወደ ኋላ ብቻ እያየች ተከተለችኝ።

ባሌን እዚያው በሩ ላይ አገኘሁት። አሁኑኑ ወደ ቤት አልኩት። ተከተለን። ድንኳኑን ነቀልን። ሳይታጠፍ ጠቅልዬ ከፊት ወንበር ላይ ወረወርኩት። ከኋላ ገባን። እኔ ከሹፌሩ ጀርባ፣ ድንቢጥ በወዲያኛው በር በኩል፣ አለቃ እግራችን ሥር። የልጅቷን አንጓ አልለቀቅኩም።

ባሌ መሪውን ያዘ። እጁን ዘረጋና ስፖኪዮውን ወደ ጣሪያው አዞረው። የኋላ ወንበር እንዳይታየው ነው።

«ሙሉ?»

«ሂድ» አልኩ። ቶሎ። እንዳትቀድመኝ።

ሞተሩ ተነስቷል። መኪናው ግን አይንቀሳቀስም።

«ሂድ አልኩህ እኮ።»

ጠበቀ። ባሌ ጠበቀ። የእኔን ቃል ሰምቶ ሌላ ቃል ጠበቀ። በሕይወቴ ብዙ ንቀት አይቻለሁ። እንደዚህ ያለ ግን...

«ሳበው...»

ከመሃላችን ነው የመጣው። ከእኔና ከድንቢጥ መሃል።

መኪናው ሄደ።

ከካምፑ የሚወጣው የአፈር መንገድ ነው። በዛፎቹ ጥግ ጥግ ያልፋል። ድንቢጥ በመስኮቱ ዛፎቹን ታያለች። ባሌ ረጋ ብሎ ይነዳል፤ ተሳፋሪ እንደጫነ ሰው። እንዲህ በእንቅልፍ ልቡ የሚነዳ ሰው ሊያደርሰኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ትንሽ ብቻ ነው የቀረን። አስፋልቱ ከፊት ይታያል። አስፋልቱ ላይ ከወጣን በቃ፣ ተገላገልኩ እያልኩ ነበር።

«ወራጅ አለ።»

ቀስ ያለች ናት። ትህትና ያላት።

ባሌ ፍሬን ያዘ። ዕድሜ ልኩን ይህን ቃል ሰምቶ ሳይቆም አያውቅም። እግሩ ነው የሚያቆመው፤ እሱ አይደለም። መኪናውን ጥግ አስያዘ።

«አትቁም» አልኩት።

ቆሟል።

በድንቢጥ በኩል ያለው በር ተከፈተ። ማንም አልነካውም። አለቃ ተነሳና በእግሮቻችን ላይ ዘሎ ወረደ።

ከዚያ ድንቢጥን ጎተተቻት።

በሁለት እጄ ያዝኳት። እግሬን ከፊት ወንበሩ ላይ ተክዬ ያዝኳት። አንዴ ወደ እኔ ትመጣለች፣ አንዴ ወደ በሩ ትሄዳለች። ልጅቷ ቃል አትተነፍስም። ክንዴ ሊገነጠል ደረሰ። ዓይኔን ጨፍኜ ጥርሴን ነከስኩ። ልጄ ናት አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ልጄ ናት፣ አልሰጥም። አልለቀቅኳትም። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ የምታምኑኝ ከሆነ ይህን እመኑኝ። ጣቶቼ ለአፍታ እንኳ አልተከፈቱም።

ጉተታው በአንድ ጊዜ ቆመ።

በሩ ተዘጋ። እንዳይጮህ ተደርጎ፣ በጥንቃቄ።

ከውጭ፣ ከመኪናው ኋላ...

«ሳበው...»

ባሌ ነዳው።

ዓይኔን ገለጥኩ። ድንቢጥ አጠገቤ ናት። አንጓዋ እጄ ውስጥ ነው። ተመስገን አልኩ። እንባዬ መጣ። አሸነፍኳት አልኩ፤ አዎ፣ አሸነፍኳት ነው ያልኩት። ውሻው ቀርቷል፣ ይቅር። የሷ ውሻ ነው።

ውሻውን ላየው ብዬ ነው በኋላ መስታወቱ ዞሬ ያየሁት።

የመንገዱ ዳር ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ጀርባዋን ነው የሰጠችን። አለቃ ተረከዟ ላይ ነው።

አጠገቧ አንዲት ልጅ አለች።

ትንሽ፣ ቀጭን። የእጇን አንጓ በሌላኛው እጇ ይዛ ታሻለች፤ አጥብቆ የያዛት ሰው ገና አሁን እንደለቀቃት።

ሴትዮዋ እጇን ዘረጋችላት። ልጅቷ ያዘቻት። ወደ ዛፎቹ መራመድ ጀመሩ።

«እማዬ» አለችኝ።

ከጎኔ ነው።

ዞርኩ። ፊቷ የድንቢጥ ነው። ድምፅዋም የድንቢጥ ነው። ቀጥ ብላ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ፈገግ ብላለች። ዓይኗ አይንከራተትም።

«እማዬ» አለችኝ ደግማ።

ባሌ ከፊት ሆኖ ሳቀ። እንባ የተቀላቀለበት ሳቅ ነው። ሰማሽ ወይ፣ እማዬ አለችሽ እኮ፣ ጊዜ ስጪያት አላልኩሽም ወይ አለኝ። ይህን ሁሉ ሲል አልዞረም።

«ወዬ» አልኳት።

ምን ላድርግ? ስንት ዘመን አፌ ላይ ይዤው የኖርኩት መልስ ነው። ሳላስበው ወጣ።

አንገቴን ግን መልሼ ወደ መስታወቱ አዞርኩ።

አቧራው እየተነሳ ነው። በአቧራው ውስጥ ሴትዮዋ ዛፎቹ ጋ ደርሳለች። ልጅቷ እግሯን ተክላ ቆማለች። እጇ እየተጎተተ፣ ፊቷን ወደ እኛ አዙራለች። የሆነ ነገር ትጮሃለች። መስኮቱ ዝግ ነው፤ አይሰማም። ከንፈሯ ብቻ ይታየኛል። ይገጥማል፣ ይከፈታል። ደግሞ ይገጥማል፣ ይከፈታል፤ «እማ» እንደሚል አፍ።

የምታየው ሴትዮዋን አልነበረም። እኔን ነበር።